ማንም ያልሆነው አሸናፊ፦ የኔቫዳ ግዛት ለፕሬዝዳንትነት እንዴት ድምፅ ትሰጣለች?

በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2024 በአሜሪካዋ የኔቫዳ ግዛት የሪፐብሊካን ፓርቲ መራጮች ፕሬዝዳንታዊ እጩ ለመለየት ድምፅ ሰጡ። ውጤቱ ይፋ ሲሆን አንደኛ የወጣው ሰው አልነበረም። ከመራጮቹ 63 በመቶ ያህሉ ምልክት ያደረጉት “ከእነዚህ እጩዎች ማንንም” በሚለው መስመር ላይ ነበር። የቀድሞዋ የሳውዝ ካሮላይና አገረ ገዥና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ኒኪ ሄሊ 30 በመቶ ገደማ አግኝተው በዚያ ባለቤት በሌለው መስመር ተበለጡ። ከሁለት ቀናት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 8፣ ያው ፓርቲ በዚያው ግዛት ሌላ ምርጫ አካሄደ። በዚህኛው ዶናልድ ትራምፕ 99 በመቶ ድምፅ አግኝተው የግዛቲቱን 26 የጉባኤ ልዑካን በሙሉ ወሰዱ።

በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ፓርቲ ስም፣ ሁለት ምርጫ መካሄዱ ለሩቅ ተመልካች ቀልድ ሊመስል ይችላል። ለኔቫዳ ነዋሪ ግን ቀልድ አልነበረም። እጩን የሚመርጠው የድምፅ መስጫ ወረቀት በፖስታ የደረሰው ሁሉ ነው ወይስ በአንድ ምሽት በአንድ አዳራሽ መገኘት የቻለ ብቻ? ሆቴሎቿ ቀንም ሌሊትም በማይዘጉባት በላስ ቬጋስ ይህ ከሁሉ በፊት የፈረቃ ሠራተኛው ጥያቄ ነው።

ሁለት ምርጫ፣ ሁለት ባለቤት

የአሜሪካ ፕሬዝዳንታዊ ምርጫ ሁለት እርከኖች አሉት። በመጀመሪያው ፓርቲዎቹ በየግዛቱ ደጋፊዎቻቸውን ጠይቀው ለብሔራዊ ጉባኤያቸው ልዑካን ይልካሉ፤ ልዑካኑም ተሰብስበው የፓርቲውን እጩ ይሰይማሉ። ሁለተኛው በኖቬምበር ወር ከመጀመሪያው ሰኞ ማግስት በሚውለው ማክሰኞ የሚካሄደው አጠቃላይ ምርጫ ነው። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ወረቀትና በአንድ ዓይነት ጣቢያ ሊካሄዱ ቢችሉም ባለቤታቸው ይለያያል። አጠቃላዩ ምርጫ የመንግሥት ነው። እጩ የመሰየም ሥልጣን ግን የፓርቲው ነው፤ መንግሥት ወረቀቱን ቢያትምና ወጪውን ቢሸፍን እንኳ፣ ከሣጥኑ የወጣውን ውጤት ወደ ልዑካን መለወጥ ወይም አለመለወጥ የፓርቲው ውሳኔ ነው። ይህ ልዩነት ካልተጨበጠ የኔቫዳ የ2024 ታሪክ አይገባም።

በአሜሪካ ምርጫን በመላ አገሪቱ የሚያስፈጽም አንድ ብሔራዊ ቦርድም የለም። እያንዳንዱ ግዛት በራሱ ሕግ ያስፈጽማል። በኔቫዳ የበላይ ኃላፊው የግዛቱ ዋና ጸሐፊ ሲሆን፣ ሥራውን በተግባር የሚያከናውኑት 16 ካውንቲዎችና እንደ ካውንቲ የምትቆጠረው ዋና ከተማዋ ካርሰን ሲቲ ናቸው። ላስ ቬጋስ የምትገኝበት ክላርክ ካውንቲ ብቻዋን ከግዛቱ ሕዝብ ከአሥሩ ሰባት ያህሉን ትይዛለች፤ በአንጻሩ ኤስሜራልዳ የተባለችው ካውንቲ ነዋሪዎች አንድ ሺህ አይሞሉም።

ምሽቱን ሥራ ላይ የሚያሳልፍ መራጭ

ኔቫዳ ለበርካታ ዓመታት ፕሬዝዳንታዊ እጩዎችን የምትለየው “ኮከስ” በሚባለው መንገድ ነበር። ኮከስ የፓርቲ አባላት በተወሰነ ቀንና ሰዓት በትምህርት ቤት ወይም በማኅበረሰብ አዳራሽ ተሰብስበው ምርጫቸውን የሚገልጹበት፣ በፓርቲው በራሱ የሚመራ ስብሰባ ነው። በዴሞክራቶቹ ኮከስ ሰዎች እንደየእጩአቸው በየጥጉ ቆመው ይቆጠሩ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ወደ ራሱ ጥግ ለመሳብ ይከራከር ነበር። ሁለት ወገኖች እኩል ከወጡ ደግሞ ከካርታ መጫወቻ አንዳንድ ካርድ ይመዘዝና ከፍተኛውን የሳበ ያሸንፋል። የቁማር መዲና ለሆነች ግዛት እንግዳ ሥርዓት አይደለም።

የኮከስ ውበቱ ውይይቱ ነው። ጉድለቱ ሰዓቱ ነው። በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ያለ፣ ሕፃን የሚጠብቅለት ያጣ ወይም የታመመ ሰው ድምፅ የለውም። በ2008 ዴሞክራቶቹ ይህንን ለማቃለል በዘጠኝ የቁማርና የሆቴል ሕንፃዎች ውስጥ ልዩ የኮከስ ጣቢያዎች ከፈቱ፤ አልጋ አንጣፊዋ፣ አስተናጋጁና ወጥ ሠሪው ከሥራ ቦታቸው ሳይርቁ እንዲሳተፉ ማለት ነው። ሐሳቡ ወዲያውኑ ፍርድ ቤት ደረሰ። ወደ 60 ሺህ ሠራተኞችን የሚወክለው የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር ባራክ ኦባማን ደግፎ ስለነበር፣ ሌሎች ወገኖች አሠራሩ ለእነዚህ ሠራተኞች ብቻ የሚያደላ ነው ሲሉ ከሰሱ። ዳኛው ክሱን አልተቀበሉም፤ ጣቢያዎቹም ተከፈቱ። የሚገርመው በአብዛኞቹ ጣቢያዎች ያሸነፉት ኦባማ ሳይሆኑ ሂላሪ ክሊንተን መሆናቸው ነው። ሠራተኛው ማኅበሩ የነገረውን ብቻ የሚደግም አልነበረም። በመላ ግዛቱም ክሊንተን በተሳታፊ ብዛት ሲመሩ፣ ልዑካን በየአካባቢው በሚከፋፈሉበት ስሌት ኦባማ 13 ለ12 በለጡ። የመራጭ ቁጥርና የልዑካን ቁጥር ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም።

በ2020 የአዮዋ ዴሞክራቶች ኮከስ ውጤት በቴክኒክ ችግር ለቀናት ከዘገየ በኋላ የኮከስ ነገር በብዙዎች ዘንድ አበቃለት። የኔቫዳ ሕግ አውጪዎች በ2021 ባወጡት ሕግ በፕሬዝዳንታዊ ምርጫ ዓመት የፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ማክሰኞ መንግሥት የሚያካሂደው የመጀመሪያ ደረጃ ምርጫ፣ ማለትም “ፕራይመሪ”፣ እንዲሆን ደነገጉ። በዚያው ዓመት ሌላ ሕግ ንቁ ተመዝጋቢ ለሆነ መራጭ ሁሉ፣ አልፈልግም እስካላለ ድረስ፣ የድምፅ መስጫ ወረቀት በፖስታ እንዲላክ አደረገ። አልጋ አንጣፊዋ ከእንግዲህ ወረቀቷን በቤቷ፣ በዕረፍት ቀኗ መሙላት ትችላለች።

የኔቫዳ ሪፐብሊካን ፓርቲ ግን ይህንን አልወደደም። ፕራይመሪው እንዲቀር በፍርድ ቤት ጠይቆ ሳይሳካለት ቀረ፤ ሕጉ ከአንድ በላይ እጩ ከተመዘገበ ፕራይመሪው መካሄዱ ግዴታ ነው ይላልና። ፓርቲው በእጁ የቀረውን ሥልጣን ተጠቀመ። ልዑካን የምሰጠው በራሴ ኮከስ ነው፣ በመንግሥቱ ፕራይመሪ ስሙን ያስመዘገበ እጩ በኮከሱ መወዳደር አይችልም፣ በኮከሱ መወዳደር የሚፈልግም 55 ሺህ ዶላር ይክፈል አለ። መራጩም በአካል፣ በምሽት፣ መታወቂያ ይዞ መገኘት ነበረበት። ትራምፕ ኮከሱን መረጡ። ሄሊ ፕራይመሪውን መረጡ፤ የፓርቲው ሥርዓት ለትራምፕ የተሰፋ ነው በማለትም በግዛቲቱ አልቀሰቀሱም። ስለዚህ ሁለቱ ዋነኛ ተፎካካሪዎች በአንድ ወረቀት ላይ ፈጽሞ አልተገናኙም። የትራምፕ ደጋፊ ማክሰኞ ዕለት “ማንንም” ብሎ፣ ሐሙስ ዕለት ትራምፕ ብሎ መምረጥ ይችል ነበር፤ ብዙዎችም እንዲሁ አደረጉ።

“ማንንም” የሚለው መስመር

ይህ መስመር ለ2024 የተፈጠረ አይደለም። የኔቫዳ ሕግ አውጪዎች ያጸደቁት በ1975 ነው፤ ከዋተርጌት ቅሌት በኋላ የሕዝብ እምነት በፖለቲከኞች ላይ በተሟጠጠበት ጊዜ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ የተቆጣ ሰው ቤቱ ከሚቀር ይልቅ መጥቶ ቁጣውን በወረቀት ይጻፍ። መስመሩ ለፕሬዝዳንትነትና በመላ ግዛቱ ለሚመረጡ ሥልጣኖች ይሠራል። በዚህ መልኩ በሕግ ያሰፈረችው ብቸኛዋ የአሜሪካ ግዛት ኔቫዳ ናት።

ይሁን እንጂ ጥርስ የለውም። “ማንንም” የሚለው አንደኛ ቢወጣ እንኳ ሥልጣኑን ወይም እጩነቱን የሚያገኘው ከእርሱ ቀጥሎ የወጣው ሰው ነው። በ2014 የዴሞክራቶች የአገረ ገዥነት እጩ ፕራይመሪ “ማንንም” 30 በመቶ ያህል አግኝቶ ሲያሸንፍ፣ 25 በመቶ ገደማ ያገኙት ሮበርት ጉድማን እጩ ሆነው ቀረቡ። በኖቬምበሩም በብራያን ሳንዶቫል በሰፊ ልዩነት ተሸነፉ።

ጥርስ የለውም ማለት ግን ክብደት የለውም ማለት አይደለም። በ1998 ሃሪ ሪድ የሴኔት መቀመጫቸውን ያስጠበቁት ከ500 ባነሰ የድምፅ ብልጫ ሲሆን፣ በሺዎች የሚቆጠሩ መራጮች “ማንንም” ብለው ነበር። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ኔቫዳን ያሸነፉት በ27,202 ድምፅ ነው፤ “ማንንም” ያገኘው 28,863 ነበር። በ2012 ሪፐብሊካኖች መስመሩ የተቃውሞ ድምፅ ይሻማብናል ብለው እንዲሰረዝ በፌዴራል ፍርድ ቤት የከሰሱት ያለ ምክንያት አልነበረም። አንድ ዳኛ ፈረዱላቸው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን ውሳኔውን አገደና መስመሩ በወረቀቱ ላይ ቀረ።

ወደ 2024 ስንመለስ አንድ ነገር በብዙ ዘገባዎች ሳይነሣ አልፏል። በፌብሩዋሪው ፕራይመሪ በዴሞክራቶች በኩል ጆ ባይደን 89 በመቶ ያህል አግኝተው አሸንፈው ነበር። በጁላይ 21 ግን ከውድድሩ ራሳቸውን አገለሉ፤ ልዑካኑም የኔቫዳም ሆነ የሌላ ግዛት መራጭ ዳግም ሳይጠየቅ ምክትላቸውን ካማላ ሃሪስን ሰየሙ። ስለዚህ በመንግሥት ወጪ በተካሄደው የኔቫዳ ፕራይመሪ ካሸነፉት ሁለቱ፣ ማለትም ከባይደንና ከ“ማንንም”፣ በኖቬምበሩ ወረቀት ላይ እንደገና የታየው “ማንንም” ብቻ ነው።

ሁለቱን የሚያገናኝ ሕገ ወጥ ነገር አልተፈጸመም። ሁለቱም ፓርቲዎች የገዛ ሥልጣናቸውን ነው የተጠቀሙት። የመራጩ ድምፅ በመጀመሪያው እርከን ምን ያህል ስስ እንደሆነ ግን በዚያ ዓመት ግልጽ ሆኖ ታየ።

ከሁለቱም ያልሆነ፣ ከውጭ የሚቆም

የኔቫዳ ፕራይመሪ “ዝግ” የሚባለው ዓይነት ነው። ዴሞክራት ሆኖ የተመዘገበ በዴሞክራት፣ ሪፐብሊካን ሆኖ የተመዘገበ በሪፐብሊካን ወረቀት ብቻ ይመርጣል። የፓርቲ ወገንተኝነት ሳይመርጥ የተመዘገበ ሰው ፕሬዝዳንታዊ የፕራይመሪ ወረቀት አይደርሰውም፤ ለመሳተፍ ከፈለገ ምዝገባውን መለወጥ አለበት። ይህ ጥቂቶችን የሚመለከት ነገር ነበር፤ አሁን አይደለም። ሕዝቡ በ2018 ባጸደቀው ሕግ መሠረት መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ወይም የሚያሳድስ ብቁ ዜጋ በቀጥታ በመራጭነት ይመዘገባል፤ ፓርቲ ካልመረጠም “ወገን የለሽ” ተብሎ ይጻፋል። በዚህ ምክንያት በግዛቲቱ ትልቁ የመራጮች ቡድን ከሁለቱም ፓርቲዎች ያልሆነው ሆኗል። ፕራይመሪዎችን ለሁሉም ክፍት የሚያደርግ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ2022 ድጋፍ ቢያገኝም በ2024 ውድቅ ተደርጓል፤ እርሱም ቢሆን ፕሬዝዳንታዊውን ፕራይመሪ የሚነካ አልነበረም።

ጉዳዩ በላስ ቬጋስ ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቅርብ ነው። በታክሲ፣ በሆቴልና በቁማር ቤቶች የሚሠሩ ብዙዎች ናቸው፤ ምግብ ቤቶቻቸውና ሱቆቻቸው የተሰባሰቡበትን አካባቢም ክላርክ ካውንቲ “ትንሿ ኢትዮጵያ” ብላ ሰይማለች። ዜግነት አግኝቶ መንጃ ፈቃዱን ያሳደሰ የታክሲ ሾፌር ሳያስበው ወገን የለሽ ሆኖ ሊመዘገብ፣ ፕራይመሪው ሲደርስም ወረቀቱ ለምን እንዳልመጣለት ሊጠይቅ ይችላል።

ከዚህ የሚብስ ስሕተትም አለ። በዲቪ ዕድል ወይም በቤተሰብ ጥሪ ገብቶ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የያዘ ሰው በአሜሪካ ለፕሬዝዳንትነት ድምፅ መስጠት አይችልም፤ መብቱ ዕድሜያቸው 18 ዓመት የሞላ ዜጎች ብቻ ነው። ግብር መክፈልም፣ ዓመታትን መቆየትም ይህንን አይለውጥም። ዜጋ ሳይሆን ዜጋ ነኝ ብሎ መመዝገብ ወይም ድምፅ መስጠት በፌዴራል ሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ከአገር እስከ መባረር ሊያደርስም ይችላል። በመንጃ ፈቃድ ቢሮ ያልተረዱትን ቅጽ ፈርሞ ማለፍ እንግዲህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቋንቋም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በክላርክ ካውንቲ የድምፅ መስጫ ወረቀት ከእንግሊዝኛ ሌላ በስፓኒሽና በፊሊፒንስ ቋንቋ ይቀርባል። አማርኛ የሌለው ተናጋሪዎቹ ስላነሱ ብቻ አይመስልም። ካውንቲዎችን የሚያስገድደው የፌዴራል የመምረጥ መብት ሕግ አንቀጽ ጥበቃ የሚያደርገው ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች፣ ለእስያውያን፣ ለአሜሪካና ለአላስካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ነው። አማርኛም ሆነ ዓረብኛ ተናጋሪው የቱንም ያህል ቢበዛ በዚህ አንቀጽ አይታቀፍም፤ በእነዚህ ቋንቋዎች የሚቀርብ ወረቀት ካለ በአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ የመጣ ነው። ሆኖም የዚያው ሕግ ሌላ አንቀጽ ማንበብ የማይችል መራጭ የመረጠውን ሰው ይዞ ገብቶ እንዲረዳው ይፈቅዳል። ረዳቱ ልጅ፣ ጎረቤት ወይም ጓደኛ ሊሆን ይችላል። አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል ግን አይፈቀድላቸውም፤ ክልከላው ለምን እንደተቀመጠ ሠራተኛ ለሆነ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ኖቬምበርና ስድስቱ ድምፆች

በአጠቃላዩ ምርጫ ሁሉም የተመዘገበ መራጭ፣ ወገን ያለውም የሌለውም፣ አንድ ዓይነት ወረቀት ይደርሰዋል። ሞልቶ በፖስታ መላክ፣ በሕጋዊ ሣጥን መክተት ወይም ትቶት በአካል መምረጥ ይችላል፤ ከምርጫው ቀን በፊትም ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ የመምረጫ ጊዜ አለ። በምርጫው ቀን የፖስታ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እስከ አራት ቀን ዘግይቶ ቢደርስ ይቆጠራል። የኔቫዳ ውጤት የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። በ2020 ዓለም ሁሉ ዓይኑን ጥሎባት በቆየባቸው ቀናት ግዛቲቱ ስትዘባበት የነበረ ሳይሆን ሕጓን ስትፈጽም ነበር።

የፖስታ ድምፅ የሚረጋገጠው በፊርማ ነው። በኤንቨሎፑ ላይ ያለው ፊርማ በመዝገብ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ መራጩ ተጠርቶ የራሱ መሆኑን እንዲያረጋግጥ የተወሰኑ ቀናት ይሰጡታል፤ ካላረጋገጠ ድምፁ አይቆጠርም። በ2024 በምርጫው ዕለት እንዲህ ዓይነት ማረጋገጫ ሲጠብቁ የነበሩ ድምፆች ከ10 ሺህ በላይ ነበሩ። በፊደል መጻፍ የለመደና የላቲን ፊርማው ከዓመት ዓመት የሚለዋወጥ ስደተኛ ከካውንቲው የሚመጣን የስልክ ጥሪ ችላ ሊል አይገባም። በአካል ለመምረጥ መታወቂያ፣ በፖስታ ለመምረጥም የመታወቂያ ቁጥር የሚጠይቅ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ2024 ከመራጮቹ 73 በመቶ ያህሉ ደግፈውታል፤ ሆኖም በሥራ ላይ ለመዋል በተከታዩ ምርጫ ዳግም መጽደቅ አለበት።

ኔቫዳ በወኪል መራጮች ሥርዓት ስድስት ድምፅ አላት፤ አራቱ በተወካዮች ምክር ቤት፣ ሁለቱ በሴኔት ባላት መቀመጫ ልክ። በአንድ ድምፅም ሆነ በመቶ ሺህ የበለጠ ስድስቱንም ይወስዳል። ይህች ትንሽ ቁጥር ምን እንደምትስብ የታየው በ2024 ክረምት ነው። ትራምፕ በጁን ወር በላስ ቬጋስ ቆመው ከጉርሻ ላይ ግብር አይቆረጥም ሲሉ ቃል ገቡ፤ ሃሪስም በኦገስት እዚያው ከተማ መጥተው ተመሳሳይ ቃል ሰጡ። ጉርሻ የላስ ቬጋስ አስተናጋጅ የቤት ኪራይ ነው። ትራምፕ ከተመረጡ በኋላ በጁላይ 2025 የፈረሙት ሕግ እስከ 2028 ድረስ በዓመት እስከ 25 ሺህ ዶላር የሚደርስ ጉርሻ ከገቢ ግብር ስሌት እንዲቀነስ ፈቅዷል። የሌላ ግዛት አስተናጋጅም የዚህ ተጠቃሚ ሆኗል፤ ሐሳቡ የተወለደው ግን ስድስት ድምፅ ባለባት በረሃ ነው።

በኖቬምበር 5 ቀን 2024 ትራምፕ ኔቫዳን በ46 ሺህ ያህል ድምፅ፣ በሦስት በመቶ ገደማ ብልጫ አሸነፉ። ከ2004 ወዲህ በዚያ ያሸነፉ የመጀመሪያው ሪፐብሊካን ናቸው። በዚያው ዕለት፣ በዚያው ወረቀት ላይ፣ መራጮቹ ዴሞክራቷን ጃኪ ሮዘንን ወደ ሴኔት መልሰው ላኩ። በሴኔቱ ውድድር “ማንንም” ያሉት ሰዎች ሮዘን ካሸነፉበት ልዩነት ይበልጡ ነበር።

የመጨረሻው እርከን ጸጥ ያለ ነው። በዲሴምበር 17 ወኪል መራጮቹ በካርሰን ሲቲ ተሰብስበው ስድስቱን ድምፅ ለትራምፕ ሰጡ። የኔቫዳ ሕግ ሕዝቡ ከመረጠው ውጭ ድምፅ የሚሰጥ ወኪል ወዲያውኑ በሌላ እንዲተካ ያዛል። ግዛቲቱ በ1864 ገና እንደተመሠረተች ለአብርሃም ሊንከን መስጠት የነበረባት ሦስት ድምፅ ነበር፤ ሕገ መንግሥቷ ጊዜው እንዳያልፍበት በቴሌግራም ወደ ዋሽንግተን ተልኮ ነበር። የተቆጠረላት ግን ሁለት ብቻ ነው። ሦስተኛው ወኪል በቦታው ሳይገኝ ቀረ፤ የሚተካውም አልነበረም።